መንገድ የሄደችው ጃርት

ብላዋለች እንግዲህ፣ ሞታለች ብላዋለች፣ ተቀድቷል፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወርዳለች፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ጉልበቷ ይንቋቋል፣ ይንቋቋ፣ የዛሬን ጉልበት ማን ከልክሎት፣ የስቱዲዮው ዘበኛ ምነው ልጄ ሎተሪ ወጣልሽ እንዴ ይላታል፣ ወጣልኝ አባባ፣ አንዲት ጃርት ገድዬ መጣሁ። ዘበኛው አፉን ይዞ ይቀራል። ይቅር፣ ቆይቶ ይገባዋል።

ሺ ድምፅ ይሏታል። ከውጭ የመጣ የልጆች ካርቱን በአገር ቋንቋ ሲቀዳ ጥንቸሏም እሷ ናት፣ ንግሥቲቱም እሷ፣ የሚያስነጥሰው ባቡርም እሷ። ሰው የልጆች ፊልም ሲባል አበባና ቢራቢሮ ብቻ ይመስለዋል፣ ልጁን ሶፋ ላይ ወርውሮ ሽንኩርቱን ይከትፋል፣ የልጆች ነው፣ ምን ያመጣል ይላል። ምን ያመጣል! እሷን ጠይቋት፣ በዚህ ጉሮሮዋ ስንት እናት ቀብራለች፣ ፈንዲሻው ሳይበርድ እናት ትሞታለች፣ ሁሌ እናት፣ ወይ በጎርፍ ወይ በአዳኝ ወይ እንዲሁ ስሟ ሳይነሳ። ያ የፈረሶቹ ፊልምስ፣ ያረጀው ፈረስ በዘፈን ታጅቦ ጋሪ ላይ ይወጣል፣ ወደ ማረፊያው ሜዳ ነው ይሉታል፣ ጋሪው ባዶውን ይመለሳል፣ ቀጥሎ መንደሩ በሙሉ አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጎ ይጨፍራል፣ ልጆች ያጨበጭባሉ። ክፉው ደግሞ ሁሌ ገደል ይገባል፣ ማንም አይገፋውም፣ ደጉ እጁን አያቆሽሽም፣ ራሱ ተንሸራትቶ ነው፣ ኧረ ለመሆኑ ሬሳውን ማን አነሳው፣ ክፉው እናት አልነበረችውም? ልጆቹ ግን ያያሉ፣ ይገባቸዋል፣ ይዋጥላቸዋልም። የማይዋጥልን እኛ ነን።

አውቶቡሱ መጣ። ሂጂ፣ ተሳፈሪ፣ መስኮቱ ጋ ቦታ አለ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ መሆኑን አትርሺ፣ እንዴት ትረሳዋለች።

ቅድም ነው፣ እዚያች በስፖንጅ በተለበጠችው ክፍል ውስጥ፣ ስክሪኑ ላይ ወንዙ ሞልቷል፣ እናት ጃርት ልጆቿን አንድ በአንድ አሻግራ ለመጨረሻው ተመልሳለች፣ ገፍታ ወደ ዳር አወጣችው፣ እሷን ውሃው ወሰዳት። ጠዋት ትንሹ ጃርት ይነቃል፣ እማዬስ ይላል፣ አሮጊቷ አያቱ ትመልስለታለች፣ አያቲቱ ሺ ድምፅ ናት፣ የጃርቷ ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል፣ ከንፈሯ ሲገጥም ሲከፈት ይታያል። ወረቀቱ ላይ ሞታለች ልጄ ይላል። ከቴሌቪዥን ጣቢያው የመጣችው ኃላፊ፣ ሻርፗን ስታስተካክል የምትውል ሴትዮ፣ ክፉ አይደለችም፣ እሱ ነገር ይቅርብን አለች፣ ወላጆች እየደወሉ ልጄን አስለቀሳችሁብኝ ይሉናል፣ ሄዳለች በሉት። ድምፅ ቀጂው፣ ጆሮ ነው የሚሉት፣ ትንኝ ስትተነፍስ ይሰማል፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ አይሆንም አለ፣ እዩት ከንፈሯ መጀመሪያ ግጥም ነው የሚለው፣ ሄ እያለ የሚገጥም ከንፈር የለም። ጎሽ የእናትህ ልጅ አለች ሺ ድምፅ በሆዷ፣ በከንፈር ልንገላገል ነው። ሴትዮዋ ግን የዋዛ አይደለችም፣ እንግዲያው መንገድ ሄዳለች በሉት አለች። ጆሮ አፉን በጃርቷ አፍ ልክ እያንቀሳቀሰ ሞከረው። ይገጥማል። ውሸቱ ልክክ ይላል፣ ምን ይደረጋል።

ቀይዋ መብራት በራች፣ መንገድ ሄዳለች ልጄ፣ ቅርብ ቀን ትመጣለች፣ አለች፣ ጆሮ ቀና አለ፣ ይሄ ደግሞ የማን ድምፅ ነው? የአሮጊት ጃርት አልነበረም። ትንሽ ሻካራ፣ በአፍንጫ በኩል የሚያልፍ፣ ሊስቅ ሲል ትንፋሹን የሚሰበስብ። የእህቷ ነው። የሞተችው የታላቅ እህቷ። በማዳመጫው ተመልሶ ጆሮዋ ሲገባ ክው አለች፣ ያንን ድምፅ ታወጣዋለች እንጂ ከራሷ አፍ ሰምታው አታውቅም፣ ሰሚዋ ሌላ ናት፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የእህቷ ልጅ ናት፣ ቁንጥንጥ ይሏታል።

እስኪ አስቢው አንቺ ሴት፣ እንዴት እዚህ ደረስሽ፣ ሰው እንዴት እዚህ ይደርሳል። እህቷ ሆስፒታል ገባች፣ አልወጣችም። አባትየው ልጅቷ ሳትወለድ ጀምሮ የለም፣ የእውነት መንገድ የሄደ ቢኖር እሱ ነው። አይነገራትም አለች የሺ ድምፅ እናት፣ እቴቴ ነው የሚሏት፣ ልጅ ናት፣ ልቧ ይሰበራል፣ ሩቅ አገር ሥራ ሄደች እንበላት፣ ዝም አይነቅዝም። ፎቶዎቹ ቁም ሣጥን ገቡ፣ ለቅሶው በትራስ ታፈነ። ከዚያ ልጅቷን ትኩሳት ጣላት፣ እማዬን ደውሉልኝ እያለች ትቃዣለች፣ እቴቴ የሺ ድምፅን እጅ ያዘች፣ አንቺ ሥራሽ ድምፅ ማውጣት አይደል ወይ፣ አንዴ ብቻ፣ እስኪበርድላት። ሺ ድምፅ ወረደች፣ ደረጃው ሥር ከውሃ ቆጣሪው አጠገብ ቆመች፣ ደወለች፣ የኔ ቁንጥንጥ አለች በእህቷ ድምፅ፣ ትኩሳቱ በረደ። አንዴ ብቻ የተባለው ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ደርሼ መጣሁ ትላለች፣ መቼ ነው የምትመጪው እማዬ፣ ቅርብ ቀን፣ ምን ታመጪልኛለሽ፣ ምን ላምጣልሽ፣ ራስሽን። ራስሽን! ከዚያ ዳቦ ገዝታ ትገባለች፣ ልጅቷ በሩ ላይ ትቀበላታለች፣ አክስቴ አመለጠሽ፣ እማዬ ደውላ ነበር፣ አንቺ እኮ ስትደውል አትኖሪም። ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው፣ ትላለች አክስት ሆዬ፣ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች።

ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ! ልታልፈው ነበር እኮ።

እና ቅድም ማዳመጫውን አወለቀችው። እህቴ ስሚኝ አለቻት ሴትዮዋን፣ መንገድ ከሄደችማ ፊልሙ እዚሁ አለቀ። እንዴት አለቀ? እንዴት ማለት ጥሩ፣ ይሄ ልጅ ከዚህ ቀጥሎ ምን ያደርጋል፣ ጫካ ይገባል፣ ከእንቁራሪት ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ተራራ ይወጣል፣ እናቱ መንገድ የሄደችበት ልጅ ተራራ አይወጣም፣ በር ላይ ነው ቁጭ የሚለው። አውቃለሁ፣ ቤቴ አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ዋና ትወዳለች፣ ቅዳሜ ነው ብላ ዋና አትሄድም፣ ከስልኩ አትርቅም፣ ጫማዋን አታወልቅም፣ እማዬ ትመጣ ይሆናል ብላ። እናቱ እየመጣች ነው ተብሎ ከእንቁራሪት ጋር የሚጨፍር ልጅ ልበ ደንዳና ነው፣ ሞታ ተነግሮት ተነስቶ የሚሄድ ግን ጀግና ነው፣ ጀግንነቱን አትውሰጂበት። ሴትዮዋ ሻርፗን ተወችው። እስካሁን አልነገራችኋትም? አለች፣ የጠየቀችው ስለ ጃርቱ አልነበረም። አልነገርናትም። በሉ ቅዱት አለች ሴትዮዋ፣ ወላጅ ከደወለ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ሞታለች፣ ልጄ። ሺ ድምፅ አንዴ ነው ያለችው፣ አንዴ በቃ። ጆሮ ዓይኑን ይጠርጋል፣ አቧራ ገብቶብኝ ነው ይላል፣ ትንፋሽ በማያስገባ ክፍል ውስጥ የምን አቧራ።

አሸነፍሽ። አዎ አሸነፍሽ፣ ግን በጃርት ላይ ጀግና መሆን ማንን ይገድላል፣ ፎቁ ያውና፣ መስኮቱ ያውና። በየትኛው ድምፅ ልትነግሪያት ነው፣ በንግሥቲቱ፣ ስሚ ልጄ ሆይ፣ ኤጭ አያምርም፣ በጥንቸሏ፣ ኧረ ወዲያ፣ ይሄ ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ ሁለቱ አንድ ቤት ነው የተከራዩት መሰል። የውሃ ቆጣሪው ጋ ስትደርስ እግሯ በልማድ ይቆማል፣ እጇ ኪሷ ይገባል፣ ስልኩን ይነካል። ተይ። አልፈሽ ውጪ። ታልፋለች፣ ወይ ጉድ፣ አለፈችው! አንደኛ ፎቅ ላይ የጎረቤት ልጅ ልደት ነው፣ ሙዚቃው ደረጃውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ፊኛ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እሷ ሦስተኛ ናት፣ ቁልፉ ይገባል፣ ይዞራል።

ቁንጥንጥ ወንበር ላይ ናት፣ ጫማዋን አድርጋ፣ የእቴቴን ስልክ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ልደት አልወረድሽም? እማዬ ልትደውል ነው፣ ዛሬ እንኳን አገኘሻት፣ ዛሬ ታወሪያታለሽ። እቴቴ ከማድ ቤት ብቅ ትላለች፣ የልጇን ፊት አይታ ይገባታል፣ እናት አይደለች፣ ተይ ትላለች፣ እኔ ልሙትልሽ ተይ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬሻለሁ። ነቅዟል እቴቴ፣ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል። ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፣ ከልጅቷ ጉልበት ሥር፣ ሺው ድምፅ ሁሉ የት እንደገባ፣ አንዱም የለም፣ የቀረው ማንም ከፍሎ የማያሠራው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ፎጣዬን አያችሁ ወይ የምትልበት። እናትሽ ሞታለች፣ የኔ ቁንጥንጥ። ሆስፒታል የገባች ጊዜ ነው የሞተችው። አትመጣም።

ባለፈው ደውላለች እኮ።

እኔ ነበርኩ።

ልጅቷ ታያታለች፣ አፏን፣ ጉሮሮዋን፣ እንደገና አፏን። ውሸታም። አዎ። ውሸታም! ቡጢዋ ትከሻዋ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ቡጢ ነው፣ ያማል፣ ምቺኝ፣ ደግመሽ ምቺኝ፣ ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል፣ እማዬ! ብላ ግድግዳ የሚሰነጥቅ ጩኸት፣ እቴቴ ማማሰያዋን ትጥላለች፣ ልጄን! ትላለች፣ ልጄን ልጄን፣ ከሞተች ጀምሮ በዚህ ቤት ድምፅ አውጥታ ልጄን ብላ አታውቅም፣ ሦስቱም አንድ ላይ ወለሉ ላይ ናቸው፣ ይለቀሳል፣ በሩ ተከፍቶ ይለቀሳል፣ ጎረቤት ይስማ፣ ይስማ እንጂ፣ ወርቅ የመሰለች ሴት ሞታለች እዚህ ቤት! ይህን ያህል የሚያም ነገር እንዴት ሰውን እንዲህ ያቀለዋል? እንደ ሕፃን እየተነፋረቀች ልቧ ግን እልል ይላል፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ፣ ይበል፣ እልል ይበል፣ ተነገረ፣ ወጣልን።

እቴቴ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ፎቶዋን ታመጣለች። ልጅቷ በእጅጌዋ ትወለውለዋለች። ይበርዳታል? አይበርዳትም። ያማታል? ከእንግዲህ አያማትም። ጥርሴ ሳይወልቅ ነው የሞተችው? ሳይወልቅ ነው። አላየችውም በቃ። አላየችውም። ልጅቷ ምላሷን በጥርሷ ክፍተት ታስገባለች፣ ታስባለች፣ ንፍጧ አገጯ ደርሷል፣ ሁለተኛ በሷ ድምፅ እንዳታወሪ ትላለች፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደ ዳኛ። አላወራም፣ ሁለተኛ አላወራም። እሺ። ከዚያ ከታች ሙዚቃው ይቀየራል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ልጅቷ አንገቷን ታቀናለች፣ ታዳምጣለች።

ኬኩ አልቆ ይሆን?

እንጃ፣ ሄደሽ እይዋ። ፊትሽን ታጠቢ ልትል ነበር እቴቴ፣ ማን ቆሞ ሊሰማት፣ ደረጃውን ዘላ ዘላ ወርዳለች፣ አክስት ተከትላ ወጥታ በደረጃው መደገፊያ ላይ ጎንበስ ትላለች፣ ከላይ ሆና የሚታያት ፊኛውና የልጅቷ ቁንጮ ብቻ ነው፣ በሩን በሁለት እጇ ትደበድበዋለች፣ ይከፈታል፣ የባለልደቱ እናት ናት፣ እናቴ ሞታለች ትላለች ቁንጥንጥ ጮክ ብላ፣ ጥርት አድርጋ፣ ኬክ ተርፏል? ሴትዮዋ ተንበርክካ እቅፍ ታደርጋታለች፣ ተርፏል የኔ እናት፣ ሞልቷል፣ ግቢ ግቢ።

ጥግ ያለው ይሁንልኝ፣ ትላለች ልጅቷ ከእቅፉ ውስጥ፣ አበባው ያለበት።