የሐዳሳ ዳቦ

እህቴ ሐዳሳ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ወደ ቤት ስትመለስ፣ አባቴ ኤርሲዶ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ ምስጋና እንዲያቀርብ ተያዘለት። እናቴ የትናየት ቅዳሜ ድፎ ዳቦ በኮባ ጋግራ አስቀድማ ላከች። እኛ ዘንድ ዳቦው የሚቆረሰው ከምስክርነቱ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚበላውም ምስጋናው የቀረበለት ሰው ነው።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሐዳሳን ትኩሳት አንዘፈዘፋት፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መለስናት። እሁድ ጠዋት ሐኪሙ፣ "ሆዷ ውስጥ መግል ቋጥሯል፤ እንደገና መከፈት አለበት" አለን። የሚፈቀደው አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሆነ እናቴ ቀረች፤ እኔንና አባቴን ጥበቃው አስወጣን።

"ሄደን ምስጋናው ይቅር እንበላቸው" አለ አባቴ። ባጃጅ ውስጥ ስልኩን ሰጠኝ። "ኖህ፣ አንተ ያዘው። እናትህ ከደወለች አንሳው።"

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ለፕሮግራም መሪው ሹክ ልንለው ገና ወደ ፊት ስንሄድ የአባቴ ስም ተጠራ።

"ወንድም ኤርሲዶ መጣ! ና እስቲ፣ ጌታ ያደረገልህን ንገረን!"

ጉባኤው አጨበጨበ። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቢላዋው አጠገቡ። ክንዱን ያዝኩት።

"አባዬ፣ ምን ልትል ነው?"

"እኔም አላውቅም።"

ማይኩን ተቀበለ።

"ልጄ ዳነች ልላችሁ ነበር። አልዳነችም። አሁን ኦፕራሲዮን ክፍል ናት።"

ጭብጨባው ቀጥ አለ። መሪው ፈጥኖ ተነሳ። "እንጸልይላት። ምስጋናው ይቆይ።"

"ጸልዩልኝ፤ እለምናችኋለሁ። ምስጋናው ግን አይቆይ። እስከ ዛሬ ልጅ ሰጥቶኛል፤ ስለዚህ አመሰግነዋለሁ። ስለ ነገ አላውቅም። ፈርቻለሁ።"

በሀዲይኛ መዝሙር ጀመረ። ድምፁ እየተቆራረጠ ቀጠለ፤ ሰዎች ተቀበሉት። እኔ ግን አልዘመርኩም። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር። አሁን ቢጠራና ክፉ ወሬ ቢሆን፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየው ምን እለዋለሁ? ለምን አይቀመጥም? ተናደድኩበት።

ዳቦውን ለመቁረስ የደፈረ አልነበረም። አባቴ ከነኮባው ታቅፎት ወጣ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጎረቤታችን አዴ መድና ፔርሙስ ይዘው ቆመዋል።

"ለየትናየት ሻይ ላድርስ ብዬ ነው። ምንድነው የታቀፍከው ኤርሲዶ?"

"የሐዳሳ ምስጋና።"

"ከኦፕራሲዮን ሳትወጣ?"

"ሳትወጣ።"

አዩት፤ ከዚያ ዳቦውን አዩ። "ታዲያ እኛስ አልሀምዱሊላህ የምንለው ሲደላን ብቻ ነው? ቁረሰው።"

"ትበያለሽ?"

"ሥጋችሁን አልበላም እንጂ ዳቦ ምን አደረገኝ!"

አባቴ ሳቅ አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ዳቦውን በእጁ ገመሰ። የመጀመሪያውን ቁራሽ በሶፍት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ቀጣዩን ለአዴ መድና ሰጠ።

ስልኩ ጠራ። እናቴ ናት። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

"ወጣች" አለች። "ትኩሳቷ ገና አልወረደም። ገና ነው ብለውኛል። ግን ነቅታለች... ዳቦዬስ አለች።"

አባቴ አጥሩን ተደገፈ።

"ግን ምግብ ከልክለዋታል፣ ሰማችሁ?" አለች እናቴ።

"ይቆያታል በያት" አለ፣ ኪሱን በመዳፉ ሸፍኖ።