የሦስት ሜትር ፊት

ወይዘሮ አባይነሽ በነጠላ ጫማ ከቤታቸው ከወጡ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። መርሳት ከጀመራቸው ቆይቷል፤ የገዛ ልጃቸውን ሕዝቅያስን እንኳ አንዳንዴ "የማን ልጅ ነህ?" ይሉታል። እሱም ፖሊስ ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አዳርሶ ሲያጣቸው፣ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ማተሚያ ቤት እየሮጠ ገባ።

"አፋልጉን የሚል ባነር አትሚልኝ፤ ሦስት ሜትር በሁለት። ከስልክ ቁጥሬ በቀር ስም አያስፈልገውም፣ ፊቷ ይሙላው!"

ፎቶው እህቱ ኤደን ከዲላ በቴሌግራም የላከችለት የሠርግ ፎቶ ነው። ከሃያ ሰው መሀል የእናቱን ፊት ብቻ ቆርጦ አውጥቶታል። አታሚዋ ሀያት ኮምፒውተሯ ላይ ስታጎላው፣ ፊቱ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተበታተነ።

"ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም። ሲላክ ጥራቱ ቀንሷል፤ ደግሞም ቆርጠውታል። በፖስትካርድ መጠን ግን ጥርት ብለው ይወጣሉ። አለዚያ እህትዎ ዋናውን በፋይል ይላኩልን።"

የኤደን ስልክ ዝግ ነው። ማን ይጠብቃል?

"እናቴ ጠፍታብኝ የኪስ ፎቶ ልያዝ?" ጮኸባት። "ትልቅ ሲሆን ነው ሰው የሚያየው!"

ጭንቀት ጆሮውን ደፍኖታል እንጂ ልጅቷስ እውነቷን ነበር። አዘነችለትና አተመችለት። ሳይጠይቃት አንዲት ፖስትካርድም ጨምራ ሰጠችው፤ ሳያያት ኪሱ ከተታት።

ባነሩን መናኸሪያው በር ላይ ሰቀለ። በማግስቱ ስልኩን ጨብጦ በከተማው ሐይቅ ዳር ሲንከራተት ዋለ። የደወለ የለም። በሦስተኛው ቀን ከባነሩ ሥር ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ላቡን ሊጠርግ መሀረቡን ሲስብ ካርዷ ወደቀች። ተራ አስከባሪው ሳምሶን አነሳለት።

"እኚህን እናት እኮ አውቃቸዋለሁ" አለ።

ሕዝቅያስ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። "የት? የት አየሃት?"

"ትናንት ጠዋት፣ እዚሁ ቦታ። ጥላው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። 'ልጄ ሕዝቅያስ መጥቶ ይወስደኛል' ሲሉኝ፣ ሰው የሚጠብቁ መስሎኝ ተውኳቸው። መኪና ሞልቼ ስመለስ የሉም።"

"ባነሩንስ አላየህም?"

ሳምሶን ቀና ብሎ የተበታተነውን ፊት አየ።

"አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። ማን እንደሆነች ግን በምን ይለያል? እሳቸውም አይተውት ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው። 'ምስኪን' አሉ፣ 'የማን እናት ትሆን የጠፋችው?'"