የዋናዋ ሚዜ ቦታ

፩

«ቀሚሱን ለቤዛዊት ስጫት። ልክሽ ልኳ ነው።»

ትርሲት ቀሚሱን ከአርባ ምንጭ እስከ ሐዋሳ ጭኗ ላይ አንጥፋ ነው ያመጣችው። እንዳይጨማደድባት ብላ ሶዶ ላይ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ እሷ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። አሁን ገና የሙሽራዋን ቤት ደጃፍ መርገጧ ነው፤ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። የሙሽራዋ አክስት እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ።

ሰጠች። ለምን እንደሰጠች ገና አልገባትም ነበር።

፪

ለማያውቋት እንዲህ ናት። ትርሲት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሒሳብ ታስተምራለች። ሙሽራዋ ፍሬሕይወት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ናት። አራት ዓመት አንድ ዶርም፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ፤ ትርሲት ከላይ፣ ፍሬሕይወት ከታች። ትርሲት ስታገባ ዋና ሚዜዋ ፍሬሕይወት ነበረች። «የኔ ጊዜ ደግሞ አንቺ» ተባብለዋል።

ከዚያ ትርሲት ተፋታች።

ለምን? እኔ ተራኪው አልነግራችሁም። የፈታች ሴት ለመንገደኛው ሁሉ ምክንያቷን ታስረዳ ያለው ማነው? ይህቺን ብቻ ያዙልኝ፦ ከባሏ ቤት የወጣች ዕለት ከሐዋሳ ድረስ መጥታ፣ በጠራራ ፀሐይ ሻንጣዋን ተሸክማ ያወጣችላት ፍሬሕይወት ናት። «ውጪ፣ እኔ አለሁልሽ» ያለቻት እሷ ናት።

፫

ብቻሽን?

አርብ ዕለት የጠየቋት፦

የሚኒባሱ ሾፌር። «ብቻሽን ነሽ? ግቢ፣ ጋቢና።»

አጠገቧ የተቀመጡ እናት። «ለሰርግ? ብቻሽን? ባልሽስ የኔ ልጅ?»

የባጃጁ ነጂ። «ብቻሽን? እኔ አለሁ አይደል እንዴ!»

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ መታወቂያዋን እያገላበጠ። «ብቻሽን? እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ ነሽ! ሰው ብቻውን መሆኑን ይሳሳታል እንዴ?

ሆቴል ምን አመጣት እንዳትሉኝ። ሚዜዎች የሚያድሩት ሙሽራዋ ቤት ነው። እሷ ደግሞ ሚዜ አልነበረችም።

፬

ደጃፉ ላይ የተባለው፣ ቃል በቃል፦

እትዬ በላይነሽ፦ ቅር እንዳይልሽ የኔ ልጅ። አንቺን ጠልቼ አይደለም።

ትርሲት፦ ታዲያ ምንድን ነው እትዬ?

እትዬ በላይነሽ፦ ልማድ ነው።* የፈታች ሴት ሙሽራ አጠገብ አትቆምም። የተማርሽ ነሽ፣ ይገባሻል።

ትርሲት፦ የተማርኩት ይሄን አይደለም።

እትዬ በላይነሽ፦ በቃ፣ ዝም አይነቅዝም። እንደ እንግዳ ብይ፣ ጠጪ፣ ጨፍሪ። ሚዜነቱን ለልጃገረዶቹ ተዪላቸው።

ትርሲት፦ ፍሬ ታውቃለች?

እትዬ በላይነሽ፦

ትርሲት፦ እትዬ፣ ፍሬ ታውቃለች ወይ?

እትዬ በላይነሽ፦ ሙሽራ በሰርጓ ዋዜማ በነገር አትረበሽም።

መሃል ላይ ያለችውን ባዶ መስመር ትርሲት ለጭካኔ ቆጠረቻት። ተሳስታለች። እትዬ ውሸት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው፣ ለዚህ ነው ዝም ያሉት።

* የእትዬ በላይነሽ የበኩር ልጅ ሁለት ጊዜ ፈትቷል። ወንድ ነው። የሙሽራዋ አባት በሕይወት ስለሌሉ ነገ እጇን ይዞ ለሙሽራው የሚያስረክባት እሱ ነው።

፭

መመሪያ፣ ሰርግ ለተጠራች ፈት፦

ፎቶ ሲነሳ ጫፍ ላይ ቁሚ። ቆርጦ ለማውጣት ይመቻል።

አትሳቂ። «ባሏን ያባረረችው በዚሁ ጥርሷ ነው» ይላሉ።

አትከፊ። «ቀንታ ነው» ይላሉ።

ጨፍሪ፣ ትከሻሽ ግን ልክ ይኑረው።

ሙሽራዋን ሳሚ፣ ቶሎ ብለሽ ዞር በዪ።

«ደህና ነኝ» በዪ።

«ደህና ነኝ» በዪ።

፮

አርብ ማታ ትርሲት ዕቃዋን ሆቴል አስቀምጣ ተመለሰች። ፍሬሕይወት ሁለት እጇን እንሶስላ ተቀብታ፣ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ትርሲትን ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እትዬ ናቸው ትርሲዬ! ምን ላድርግ? እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እምቢ ልበላቸው?»

«አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ አንቺን ነው የምፈልገው። ታውቂ የለ?»

ትርሲት አዘነችላት። አዎ፣ ተናቃ፣ ቀሚሷን ተቀምታ፣ ሆቴል ተሸኝታ፣ እሷው አዘነች! የፍሬሕይወት እጅ እንሶስላ ስለነበረው እንባዋን በገዛ ነጠላዋ ጠረገችላት። «አይዞሽ፣ እንደ እንግዳ ሆኜ አጅብሻለሁ» አለቻት። ወደ ሆቴሏ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ እትዬ በላይነሽን ስትረግማቸው ሄደች።

፯

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት። ሙሽራዋ ቤት፣ የጓዳው በር አጠገብ።

ቤዛዊት የፍሬሕይወት የአጎት ልጅ ናት፣ ዘንድሮ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው። የትርሲትን ቀሚስ ለብሳለች። ልኳ አይደለም፣ ደረቷ ላይ ይዟታል። ትርሲትን ስታይ ፊቷ ቀላ።

«እቴቴ፣ አትቀየሚኝ። እኔ አልፈልግም ብዬ ነበር። ፍሬ ናት ደውላ የለመነችኝ።»

«ፍሬ? እትዬ ማለትሽ ነው?»

«አይ፣ ፍሬ። እዪው።»

ስልኳን አቀበለቻት። «የፍሬ ሚዜዎች» የሚል የቴሌግራም ቡድን ነው። ትርሲትም ነበረችበት። ሰሞኑን ጭር ያለባት ኔትወርኩ መስሏት ነበር።

ሐሙስ፦

ፍሬሕይወት ቤዛዊትን ጨመረች።

ፍሬሕይወት ትርሲትን አስወጣች።

ፍሬሕይወት፦ «ልጆች፣ ትርሲት ሚዜ አትሆንም። የሷ ዕጣ እኔ ላይ እንዳይደርስ ፈርቼ ነው። እኔ ልነግራት አልችልም፣ እትዬ እንዲነግሯት ለምኛቸዋለሁ። እንዳልሰማችሁ ሁኑ እሺ?»

ከሥሩ አምስት ሰው «እሺ» ብሏል።

፰

ሐሙስ።

ትርሲት አርባ ምንጭን የለቀቀችው አርብ ነው።

ሐሙስ።

ያን ዕለት ማታ ፍሬሕይወት ደውላላት ነበር። ሁለት ደቂቃ አወሩ። «ትርሲዬ፣ ቀሚሱን አደራ፣ እንዳትረሺው» አለቻት።

ቀሚሱን!

አትምጪ ማለት አቅቷት ነው? ትችል ነበር። ፈራሁ ብትላት ትርሲት ታለቅስ ነበር እንጂ አትሞትም። ግን ቀሚሱ መምጣት ነበረበት፣ የሚያመጣው ሰው ደግሞ እሷው ናት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ትናንት የተረገሙት እትዬ በላይነሽ ለሰው ፍርሃት መሸፈኛ የሆኑ ምስኪን ናቸው። የተናደደችው በልማዱ ቢሆን ይሻላት ነበር። ልማድ ዶርም አይጋራም፣ ልማድ «እኔ አለሁልሽ» አይልም።

ስልኩን ለቤዛዊት መለሰችላት። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለቻት። ቦርሳዋን አነሳች።

፱

በዚያው ቅጽበት የመኪና ጡሩንባ ሰፈሩን ቀወጠው። ሙሽራው ደረሰ።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። የሙሽራዋ ሚዜዎችና ዘመዶች በሩ ላይ ይደረደራሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ «አናስገባም!» ይባላል። ሙሽራው ከነአጃቢው ይለምናል፣ ይገፋል፣ ይሳቃል። ሙሽራዋ ውስጥ ሆና ትጠብቃለች። ሰው እንዳይገባ ነው የሚዘጋው። ከውስጥ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም።

ቤቱ ደግሞ አንድ በር ነው ያለው።

«አሳልፉኝ» አለች ትርሲት።

ሚዜዎቹ ፊቷን አዩና ዘፈናቸውን ሳይጨርሱ ለሁለት ተከፈሉ። የሙሽራው ወገን በሩ የተከፈተለት መስሎት እልል ብሎ ተንደረደረ። ትርሲትና ሙሽራው ደፍ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

፲

ሁለቱም ወገን የሰማው፦

ዳግማዊ (ሙሽራው)፦ ትርሲ! መጣሽ እንዴ? ሚዜ መሆን አልፈልግም፣ ሰርጉም ላይ አልገኝም ብላለች ተብዬ አዝኜብሽ ነበር እኮ!

(ከበሮው ቆመ።)

ትርሲት፦ ማን ነው እንደዚያ ያለህ?

ዳግማዊ፦ ፍሬ ናታ።

ትርሲት፦ እንግዲያው እሷኑ ጠይቃት። እዚሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

እትዬ በላይነሽ፦ ኧረ ልጆች፣ በሰርግ ቀን! የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ...

ትርሲት፦ እትዬ፣ ይተዉት። ትናንት ረግሜዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። የሰው ሸክም ነው የተሸከሙት፣ ያውርዱት።

እትዬ በላይነሽ፦ ሙሽራ ዛሬ አትጠየቅም! እኔ እመልሳለሁ!

ዳግማዊ፦ ይቅርታ እትዬ፣ እርስዎን አልጠየቅኩም።

(ወደ ውስጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ) ፍሬ! ትርሲት ምን ብላሽ ነው ሚዜ ያልሆነችው?

፲፩

ሙሽራው ሳይገባ ሙሽራ ከክፍሏ አትወጣም። ፍሬሕይወት ግን ወጣች። ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆመች። ባሏ ደፍ ላይ ነው። ጓደኛዋ አጠገቡ ቆማ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ቤዛዊት ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬቱን ታያለች። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገዋል፣ የቪዲዮ ካሜራው እየቀረጸ ነው።

ፍሬሕይወት ወደ አክስቷ ዞረች። እትዬ በላይነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው «አሁንስ አልችልም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

የቀረው የሷ ተራ ነው። እኔ ቃል አላበድራትም፣ እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ተናግሮላታል።

ፍሬሕይወት፦