ከኦርቪል ኢሜይል ግርጌ

ኦርቪል ስኮግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየሳምንቱ ለከተማችን ሰው ሁሉ ኢሜይል ይጽፋሉ። ዕድሜ ልካቸውን የበረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ጽሑፋቸው ስለ መንገዱ፣ ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው ነው። እውነቱን ልናገርና እኛ ኢሜይሉን የምንከፍተው ለግርጌው ብለን ነበር። ሌላው ሰው ከፊርማው በታች የታላላቅ ሰዎችን አባባል ይለጥፋል። ኦርቪል የሚለጥፉት የእኛን ነው። ነዳጅ ማደያ ቆመህ ከአፍህ ያመለጠህ ነገር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሳህን ስታጥብ የወረወርከው ቀልድ፣ ከነስምህ እዚያ ታገኘዋለህ። «ፓስተር፣ ስብከቱን ያሳጥሩልኝ፤ ምድጃ ላይ ድንች ጥጃለሁ። — ቨርና ኦምዳል» የሚለውን የማያውቅ በእኛ በሰሜን ሚኒሶታ ያለ አይመስለኝም።

ኦርቪል እነዚህን መስመሮች የሚያስቀምጡት ኢሜይል በሚጽፉበት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ አንዱን እያነሳ ግርጌው ላይ ያኖራል። ስምህ የወጣ እንደሆነ ደግሞ ወግ አለው፤ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብለህ ትመልሳለህ። በእኛ ዘንድ ምስጋና ፊት ለፊት አይነገርም፣ በዚህ መንገድ ነው የሚነገረው። ዝም ካልክ ተቀይመሃል ማለት ነውና ኦርቪል ምንም ሳይሉ መስመርህን ይሰርዙታል።

የኦርቪልን ልጅ ጃኔልን ያገባው ሌላንድ ትቬት የትምህርት ቤቶቻችን የኮምፒውተር ሰው ነው። ሥራውን ያውቃል፤ ችግሩ ማወቁን ያውቀዋል። ገበታ ላይ ሲቀመጥ ማስተማር ይወዳል። ለዓመታት «ዛሬስ ስሜ ይወጣ ይሆን?» እያለ የአማቱን ኢሜይል ግርጌ ሲያይ ኖረ። አልወጣም። የቨርና ድመት እንኳ ወጥታለች፤ «ሚያው ያለችው በንቀት ነው» ተብሎ። ይህ ነገር ሌላንድን ሆዱን በላው። አንድ እሑድ ብሽቅ አለና ከኦርቪል የሚመጣ ኢሜይል ሁሉ ሳይታይ በቀጥታ እንዲጠፋ አድርጎ ማጣሪያ አበጀ። ጃኔል ከኋላው ቆማ አይታ «አንተ ልጅ ነህ እንዴ?» አለችው። ሳቁና ረሱት፤ ማጣሪያው ግን እንደተሠራ ቀረ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷው ናት፣ እየነገረችኝም ፊቷን አዙራ ነበር።

በዚህ ጥር ቨርና ሞቱ። ፓስተሩ ለኦርቪል ደውለው «ቅዳሜ ቀብሩ ላይ የቨርናን ንግግሮች ያንብቡልን፤ እኔ ከምሰብክ እሳቸው ቢናገሩ ይሻላል» አሏቸው። ኦርቪል መስመሮቹን ሊገለብጡ ፕሮግራሙን ከፍተው ሳለ በበረዶ ውሽንፍር የተነሳ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ መስመሮቹ አልነበሩም። መስመሮቹ የተቀመጡበት የፕሮግራሙ ፋይል ተበላሽቷል። ሽማግሌው ለሌላንድ ደወሉ።

«በዚህ ነው የሚጨነቁት?» አለ ሌላንድ እየሳቀ። «ባካፕ ሠርቼልዎት የለ እንዴ! ማታ ማታ ራሱ ይገለብጣል። ነገ መጥቼ ቁጭ ብድግ ሳልል እመልስልዎታለሁ።»

በማግስቱ መጣ፣ ቦት ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ በካልሲው ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። መጠባበቂያ ቅጂውን፣ ባካፕ ያለውን፣ ከፈተው። ውስጡ ትርጉም የሌለው የፊደል ዝባዝንኬ ነው። እንደገና ከፈተው፣ ያው ነው። ያን ጊዜ ገባው። መጠባበቂያውን ሲሠራ አዲሱ ቅጂ በአሮጌው ላይ እንዲጻፍ ነበር ያደረገው። ስለዚህ ትናንት ማታ ማሽኑ እንደታዘዘው የተበላሸውን ፋይል ገልብጦ ደህናው ላይ ደፍቶበታል። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ምን ይላል?» አሉ ኦርቪል ከትከሻው በላይ አጎንብሰው።

«ጠፍቷል። ባካፑም አብሮ ተበላሽቷል። የኔ ጥፋት ነው።»

«ኧረ ተው፣ ከዚህ የባሰም አለ» አሉ። ቀና ብለው «መምጣትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቡና ልቅዳልህ?» አሉት።

በእኛ ከተማ ሰው አይቆጣህም፣ ክፋቱም ይሄው ነው። ቢጮኹበት እሱም ጮኾ ይገላገል ነበር። ሌላንድ ቡናውን ይዞ የሚገባበት ጠፋው። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። መስመሮቹ ከኮምፒውተሩ ቢጠፉም ከእያንዳንዱ ኢሜይል ጋር ተልከዋል፤ እኛ ዘንድ አሉ። ወዲያው ለሁላችንም ጻፈ፦ የኦርቪልን የቆዩ ኢሜይሎች ያስቀመጠ ሰው መልሶ ይላክላቸው። እኔም የነበረኝን ላክሁ።

ዓርብ ቀትር ላይ ኦርቪል፣ ሌላንድና ጃኔል የኦርቪል ኩሽና ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ኢሜይሉ ይጎርፋል። ሌላንድ እፎይ ብሎ ነበር፤ ነገሩን የመለሰው መሰለው።

«ከሰው የኢሜይል ሣጥን በፊት ከራስህ አትጀምርም?» አሉ ኦርቪል። «አንተ የማሽን ሰው ነህ፣ ምንም አትጥልም።»

ሌላንድ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «የኔ እንኳ… መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ያጸዳዋል» አለ።

ጃኔል የምታብሰውን ኩባያ አቆመች። አየችው። ከዚያ ማበሷን ቀጠለች። አባቷ ፊት ባሏ ሲዋሽ ዝም ማለቷ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

የአውቶቡስ ሾፌሩ ክላይድ ናይጋርድ አንድም ኢሜይል ጥሎ አያውቅም ነበር፤ ሁሉንም አግተልትሎ ላከው። ሌላንድ እየከፈተ ግርጌውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ኦርቪል «እሷን ያዝ» ወይም «እለፋት» ይላሉ። የቨርና ሲመጣ ሽማግሌው ይስቃሉ፣ ከዚያ መሐረባቸውን ይፈልጋሉ። ሌላንድ ቀጣዩን ከፈተና እንደለመደው ማንበብ ጀመረ።

«‹አንድ ቀን እንኳ ከፍተህ ካላየኸው፣ ባካፕ አለኝ ብለህ አታውራ። — ሌላንድ…›»

ድምፁ ቆመ። የቀረው «አማቼ» ነበር የሚለው። ትዝ አለው፤ አንድ የገና ዕለት ራት ላይ ሹካውን እየነቀነቀ የጃኔልን ወንድም ሲያስተምር ነው ይህን ያለው።

«እሷን ተዋት» አሉ ኦርቪል ቶሎ ብለው። «ኋላ ሰርዣታለሁ። ጥሩ ነበረች፣ ወድጃት ነበር። ግን ምንም ሳትመልስልኝ ስትቀር ቅር ያለህ መሰለኝ። በሥራህ የቀለድኩብህ አስመሰልኩት እንዴ ብዬ…»

«አዎ» ቢል እዚያው ያበቃ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው መውጫውን ከፍተውለታል። ሌላንድ ወደ ጃኔል ዞረ፤ እሷም ኩባያውን እንደያዘች መሬት መሬት ታያለች።

«አላየሁትም ኦርቪል» አለ።

«እ?»

«የእርስዎ ኢሜይል እንዳይደርሰኝ ዘግቼው ነበር። ሁሉንም። መሥሪያ ቤቱ ምንም አላጸዳም፣ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስሜ አልወጣም ብዬ።»

ሲናገረው የሰባት ዓመት ልጅ ንግግር ሆኖ ለራሱ ተሰማው። ኦርቪል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሁሉንም ነው የዘጋኸው? ለብቻህ የጻፍኩልህንም?»

«ለብቻዬ ምን ጽፈውልኝ ነበር?»

«ኧረ ምንም አይደል።»

«አባዬ፣ ንገረው» አለች ጃኔል።

«ሐይቁ ሲረጋ በረዶው ላይ ከምሠራት የዓሣ ማጥመጃ ጎጆዬ ድረስ ና፣ አብረን እናጥምድ ብዬ ነው እንጂ። በአፌ ብጠይቀው እንቢ ማለት ይከብደዋል፣ በጽሑፍ ከሆነ ካልፈለገ ዝም ይላል ብዬ።» ጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዳብሳል። «የዚያን ዓመት የበረዶ ክረምት በሙሉ ጽፌልሃለሁ መሰለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለተኛውን ወንበር ዘርግቼ ትንሽ እጠብቅና፣ አጥፌ እመለሳለሁ።»

ሌላንድ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ኦርቪል ክንዱን ቸብ ቸብ አደረጉት።

«ለነገሩ ምንም አልቀረብህም» አሉት። «በዚያ ክረምት ዓሣው እንቢ ብሎኝ ነበር። ሁለታችንም በብርድ ተንቀጥቅጠን እንመለስ ነበር።»

ክላይድ የላከው ኢሜይል ግን ሌላንድ ፊት እንደተከፈተ ነው። ስሙ ካለበት ግርጌ ከፍ ብሎ፣ ኦርቪል በዚያ ክረምት ለሁላችንም የጻፉት ተቀምጧል፦ «ወዳጆቼ፣ ዓሣ እንዲህ የበረከተበት ዓመት አላስታውስም። ብቻዬን አውጥቼ አልዘልቀውም። የምትፈልጉ ባልዲ ይዛችሁ ኑ።»

ሌላንድ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ይህን ግን ጮክ ብሎ አልነበረም።