በጨዋታ ሰዓት የተጠራ ለቅሶ

«ይህን ሁሉ ወንበር ለማን ብለሽ ነው ያስደረደርሽው?» አለች ሎረታ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ።

«ለወንድምሽ ወዳጆች ነዋ!» አለች ቬርና። አፏ እንጂ ልቧ አልመለሰም።

የቬርና ባል ካዚሚር በቀብር አስፈጻሚው አዳራሽ፣ ክዳኑ በተከፈተ ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል። ከሁለቱ ሴቶች በቀር ሊሰናበተው የመጣ ሰው የለም። ነገ ጧት ይቀበራል።

ጥፋቱ የቬርና ነው። ዓርብ ዕለት ቀብር አስፈጻሚው፣ «እማማ፣ ስንብቱ እሑድ በሰባት ሰዓት? የከተማችን ቡድን እኮ እዚሁ በሜዳው ይጫወታል» ብሎ ሲያመነታ፣ «የምን ቡድን? ዐሥራ አንዴ የተሸነፈ! እንኳን ሰው ውሻም ዞር ብሎ አያየውም» ብላ አፉን አዘጋችው። የፓስታ ትሪ ይዘው የመጡት ጎረቤቶችም ቀኑን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ሐዘን መሰላት። አርባ ዓመት ከነሱ ጋር ኖራ፣ የዚህ ከተማ ሰው ቡድኑ ወደቀ ብሎ ቤቱ የሚቀር መሰላት!

ካዚሚርስ ከማን ተሻለ? አምና ዋንጫውን ሲወስዱ በረዶ ላይ ወጥቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቅፎ አለቀሰ። ዘንድሮ በየሳምንቱ ሲደበደቡ፣ ያችን ሞላላ የአሜሪካ ፉትቦል ኳስ እንደ ሳሙና ሲያሾልኳት፣ እሱ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተጎልቶ በብርድ ጠቁሮ ይገባል።

«ያለቀለትን ነገር ምን ታያለህ?» ትለዋለች።

«ሲያሸንፉማ ማን ይጠፋል?» ይላታል።

የእናቷ ቀብር ዕለት እንኳ ጨዋታ ሲያይ ቆይቶ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ቬርና ያን ቂም ሃያ ዓመት አዝላ ዞረች። ዛሬ ደግሞ በገዛ እጇ እሱኑ ያለ ሰው አስቀረችው።

«በቃ ሣጥኑን አዘግተን እንሂድ» አለች ሎረታ።

«አንድ ወዳጅ ሳያየው አይዘጋም!»

ስምንት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። የቡድኑን ጃኬት የለበሰ ወፍራም ሽማግሌ፣ ትከሻው ላይ በረዶ ተከምሮ፣ ደፍ ላይ ቆመ።

«ኦርቪል እባላለሁ፣ እመቤቴ። ስታዲየም ከባልዎ ከካዝ ጎን ነው የምቀመጠው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት።»

ቬርና አይታው አታውቅም።

«ጨዋታው አለቀ እንዴ?»

«ገና እረፍት ላይ ናቸው።» አቀረቀረ። «ከፊሽካ በፊት ወጥቼ አላውቅም ነበር። ካዝ ቢሰማ ያንቀኛል።»

«ያንቅህ ነበር!» አለች። ከዚያ በዕድሜዋ ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች፦ «ስንት ለስንት ናቸው?»

«ሃያ አራት ለሦስት። እየተቀጠቀጥን ነው።»

ቬርና ወደ ሣጥኑ ዞረች።

«በየት በኩሉ ነበር የምትቀመጠው?»

«በግራው።»

ቬርና ተነሣች። ሎረታ ላግዝሽ ስትል በክርኗ ገፋቻት። አንድ ወንበር መሬት ለመሬት እየጎተተች ወሰደችና ከሣጥኑ በስተግራ፣ ከካዚሚር ትከሻ አጠገብ አስጠግታ አቆመችው።