የወርቂቱ ባህታዊ

ህንዳዊው ልብስ ሰፊ ጎቪንድ፣ ዲላ ባለው ሱቁ ግድግዳ ላይ የአንድ ጺማም ሽማግሌ ሥዕል ሰቅሎ ነበር። በአገሩ የሚከበር ቅዱስ ነው፤ ዛፍ ሥር ኖሮ፣ ለምኖ ያገኘውን ከውሾች ጋር እየተካፈለ የሞተ። «ደጃችሁ የመጣውን፣ ማን ነህ ሳትሉ አብሉት» ብሎ ያስተምር ነበር።

ቁልፍ የምትተክልለትና እንደ ፈረንጅ «ሙሴ» እያለች የምትጠራው ወርቂቱ «ሙሴ፣ ይሄ ባህታዊህ ሳያደኸይህ አይቀርም» እያለች ታሾፍበታለች። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል «እኛ ዘንድ አንድ ባህታዊ አለ፤ የሙሴን ምሳ ለለማኝ ያሰጣል» ብላ ሴቶቹን አሳቀች። ጣልያን ባህታዊ እያደነ የሚገድልበት ዓመት መሆኑን ዘንግታው ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ባንዳ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ። ጎቪንድ ማን ናችሁ ሳይል ዳቦና ሻይ አቀረበላቸው።

«የደበቅኸው ባህታዊ የታለ?» አለ ባንዳው።

«የምን ባህታዊ?»

ወርቂቱ ሥዕሉን ብታሳያቸው ይበቃ ነበር። ግን ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ መጠየቃቸው አይቀርም፤ አንገቷን ደፍታ ቁልፏን መትከል ቀጠለች።

የፊጥኝ አስረው ሲወስዱት «ወርቂቱ፣ ምሳዬን ለለማኙ ስጪልኝ» አላት።

ለማኙ ቀትር ላይ መጣ። ምሳውን ተቀብሎ «ሙሴ የት ሄደ?» ሲላት፣

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችው።