የመድረክ ሰማይ

አቶ ፀጋዘአብ ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ልጃቸው የምሥራች ወንበር ሳበችላቸው፤ አልተቀመጡም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአዲስ አበባ ቲያትር ቤቶች የመድረክ ሸራ ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ሥዕል ቁጭ ብለው አያዩም።

በስደት ከሚኖሩበት ከሬክስዴል ልጃቸው ወደምትሠራበት ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት ሲመጡ ባቡር ውስጥ ተወራርደው ነበር። የዓይን ሐኪም በተነሣ ቁጥር አባቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ፤ ግትርነት እንደሆነ መነጽር አይፈልግም።

«ይህን የምታሳዪኝን ሥዕል ካየሁልሽ ሁለተኛ የሐኪም አፖይንትመንት እንዳትዪኝ» አሏት።

«ካዩልኝ ካንስል አደርገዋለሁ፣ አባባ።»

የምሥራች እዚህ ያረጁ ወረቀቶችን ትጠግናለች። ከሁሉ መርጣ ያወጣችላቸው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለኦፔራ መድረክ የተሠራ ንድፍ ነበር። ሸራው ተስሎ ሲያልቅ እንዲህ ያለው ወረቀት ይጣል ነበር፤ ይኼኛው በዕድል ተርፏል። እንዲያዩት በልቧ ስትለምን ነው ያደረችው።

ንድፉ ያለበትን አቃፊ ከፈተች። በንድፉ ላይ ከአቧራ የሚከልል ነጭ ስስ ወረቀት ተነጥፏል። ልታነሣው ስትል አባቷ አጎንብሰው ቀደሟት።

«ግሩም ነው» አሉ። «ደረጃውን አየሽው? ወደ ውስጥ ሲርቅ እንዴት አድርጎ እንዳጠበበው። ብርሃኑንም ከግራ አምጥቶታል። እጅ አለው ሰውዬው።»

ጣቶቿ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ቀሩ። አባቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ ባዶውን ነጭ ያደንቃሉ። ሻያቸውን ሳያፈሱ ይቀዳሉ፤ ሊፍት ውስጥ ጎረቤቱን በስሙ ይጠራሉ፤ የዓይናቸው ነገር ይህን ያህል መድረሱን በምን ታውቅ?

ድምፅ እንዳያሰማ ስሱን ወረቀት ቀስ ብላ አነሣችው። ግን ተንኮሻኮሸ።

አቶ ፀጋዘአብ ንግግራቸውን አቋረጡ። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

ንድፉ ላይ ደረጃ የለም፤ የባሕር ወደብ ነው። በእርሳስ ሳጥን በሳጥን ተከፋፍሏል። ወደ ትልቁ ሸራ የሚገለበጠው እንዲያ ነው፤ አንዱ ሳጥኑን እያየ ይናገራል፣ ሌላው መሰላል ላይ ሆኖ ይስላል።

«በይ ንገሪኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከላይ፣ ከግራው ሳጥን ጀምሪ።»

«ሰማይ ነው፣ አባባ።»

«ምን ዓይነት ሰማይ?»

የምሥራች ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለች። አባቷ ቀኝ እጃቸውን ብሩሽ እንደያዘ ሰው አንሥተው ይጠብቃሉ።